ላንድሮቨሯ የወለደች ዕለት

እኛ ቤት ላንድሮቨር ወልዳለች። አሁን ስናገረው ሰው ይስቃል፤ ያኔ ግን ማንም ቢጠይቀኝ እምልበት ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት። እንሽርት ውሃዋ ሲፈስ፣ ልጁ በገመድ ተስቦ ከሆዷ ሲወጣ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ያዋለደቻት እናቴ ናት።

ቤታችን ዲላ፣ ወደ ገደብ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ ላንድሮቨሯ ከሥሩ ትቆማለች። ሸራዋ የተጣፈ፣ አረንጓዴ ቀለሟ የተላላጠ አሮጌ ናት። አባቴ ሳምሶን ሰውና ቡና ጭኖባት ገደብ ይመላለስ ነበር። እናቴ ሥርጉት ረዳቱ ናት። ሒሳብ የምትሰበስበው፣ ጆንያ የምትጭነው፣ ጭቃ ሲይዛቸው ወርዳ የምትገፋው እሷ ናት። በዚያ ጭቃ ላይ ፍሪሲዮን ቶሎ ያልቃል። ባለቀ ቁጥር ካምቢዮ መውረድ አለበት፤ ማርሾቹ ሁሉ ያሉበት ያ ከባድ ብረት ካልወረደ ፍሪሲዮኑ ጋ አይደረስም። መኪናዋ በቆመችበት መንገድ ዳር ባልና ሚስት ሆነው ያወርዱታል። እኔ ግን አይቼ አላውቅም። እነሱ ሲሄዱ ጎረቤታችን ኢልሃም ጋ እቀራለሁ።

አባቴ ታሞ ሞተ። የሐዘኑ ድንኳን ሳይነሳ ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ይርጉ ኢዲዶ መንደር ያለውን የአባቴን ቡና ለቅሞ ጨረሰ። እኔ የመሰለኝ ሊረዳን ነው። ሲመጣ ሸንኮራ ይዞልኝ ይመጣል፤ እየላጠ ያጎርሰኛል። እወደው ነበር። ሸንኮራውም ከአባቴ ጓሮ የተቆረጠ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። የአባቴን ሸንኮራ በእጁ እያጎረሰ ነው የገዛኝ።

እማዬ ሹፌር ቀጥራ መኪናዋን ልታሠራት ፈልጋ ነበር። ጋሼ ይርጉ ከለከለ። "የወንድሜን መኪና ማንም ሰው አይነካም" አለ። ላንድሮቨሯ ዋንዛው ሥር ቆማ ቀረች። ዶሮዎች ሸራዋ ላይ ማደር ጀመሩ። እኛም ከእሷ ሌላ የምንበላበት አልነበረንም።

ጋሼ ይርጉ ቤቱ የሚያወራው ጌዴኦኛ ነው። አማርኛ ላይ ወንድና ሴት ይቀላቀልበታል። እናቴን "ሥርጉት የታለ? ገበያ ሄደ?" ይላል። እኔን "ና፣ ብላ" ይለኛል። ላንድሮቨሯን ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ "እሷ" ነው የሚላት። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አውጥቼ ነበር። ጋሼ ይርጉ "እሷ" ካለ፣ ላንድሮቨሯ ናት።

አንድ ቀን መሪዋን ይዤ ሹፌር ሹፌር ስጫወት፣ ጋሼ ይርጉ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣና ዋንዛው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አንዱ ጋሽ ሲሞን ናቸው፤ ከአባቴ ወገን የሚከበሩ፣ ዳኝነት ሲኖር የሚጠሩ ሽማግሌ። ሌላው አቶ ተክለማርያም ናቸው፤ የእናቴ አጎት። እኔ ከጀርባቸው መኪናዋ ውስጥ መሆኔን ማንም አላየም።

"ባለቤቷ ከሞተ ዓመት አለፈ" አለ ጋሼ ይርጉ። "እንዲሁ ቆማ ትቅር?"

"እሱስ ልክ ነህ" አሉ ጋሽ ሲሞን።

"ሌላ ሰው መጥቶ ከሚወስዳት እኔ ብወርሳት አይሻልም? የወንድሜ ናት።"

አቶ ተክለማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዕድሜዋ ግን…"

"ዕድሜዋ ምን ሆነ? ገና ናት! ጉልበት አላት። ደግሞ ትወልዳለች።"

"እሷስ ትስማማለች ወይ?"

"እሷን ማን ይጠይቃል?"

ጋሽ ሲሞን መሬቱን በከዘራቸው ጫሩ። አቶ ተክለማርያም "በእኛ ወገን እንዲህ ያለ ነገር የለም" አሉና "ሰላም የሚሆን ከሆነ ግን…" ብለው ተዉት። ለእናቴ ሊሟገቱ ከመጡት ሰው የወጣው ይኸው ነው። እኔ ይህን አልረሳሁላቸውም።

ያኔ ግን ጆሮዬ ላይ የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው። ትወልዳለች። መኪና እንደምትወልድ አላውቅም ነበር። ሳስበው ግን ልክ መሰለኝ። ትልልቅ መኪና አለ፤ ትንንሽ መኪናም አለ። ትልልቆቹ ካልወለዷቸው ትንንሾቹ ከየት መጡ? ሲሄዱ ጠብቄ ወረድኩና በሆዴ ተኝቼ ከሥሯ አየሁ። እውነትም መሃል ሆዷ ላይ አንድ እብጠት አለ።

ሮጬ ጓሮ ሄድኩ። እማዬ ጎመን ትከትፋለች።

"እማዬ፣ ላንድሮቨሯ ትወልዳለች?"

"ማን ነው ያለሽ?"

"ጋሼ ይርጉ። ባሏ ሞቷል አለ። ሌላ ሰው ከሚወስዳት እኔ ልውረሳት አለ።"

ቢላዋው ቆመ። "ደግመሽ ንገሪኝ። እሱ እንዳለው አድርገሽ።"

ነገርኳት። ጉልበት አላት ማለቱን፣ እሷን ማን ይጠይቃል ማለቱን፣ ሁሉንም።

"ትወልዳለች አለ?"

"አዎ።"

እማዬ ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም፤ ጥርሷን እንጂ ዓይኗን አልነካውም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ይሁን። ካለ ትወልድለታለች።"

የባል ወንድም ዋርሳ ይባላል። ቃሉ ውስጥ ውርስ ተቀምጦ እንዳለ ያየሁት ራሴ ባል አግብቼ ዋርሳ ካገኘሁ በኋላ ነው። እናቴ ግን ያን ቀን፣ ጎመን ፊት ቆማ፣ በልጇ አፍ ሰማችው፤ ለሽማግሌ ሲናገር አማርኛው ተቃንቶለት "እሷ" ያለው እናቴን ነበር። ከቡናው ቀጥሎ ቤቱና መኪናዋ፣ ከመኪናዋ ጋር እሷ ራሷ። ሰዎቹ ሊጨርሱት ተስማምተዋል። የጠየቃት የለም።

ከዚያ ቀን በኋላ እማዬ የአባቴን ወፍራም ጋቢ ለበሰች። ቀንም ማታም አታወልቀውም። ከላዩ ነጠላ ትደርባለች። ስትቀመጥ ኳስ ታክላለች። ጋሼ ይርጉ ሲመጣ ከጓዳ ሆና "ጋሽ ይርጉ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሞኛል" ትላለች እንጂ አትወጣም። ወገቧን ይዛ ስትራመድ በበሩ ቀዳዳ ያያታል። ወባ የያዛት መስሎኝ ነበር። እግሯን አሽላት ነበር። ምንም እንዳልነበራት፣ ጋቢው ውስጥ ላብ በላብ ሆና እየሳቀች እንደከረመች የነገረችኝ ኢልሃም ናት፤ ያውም ከብዙ ዘመን በኋላ።

የቡና ለቀማው ሊያልቅ ሲል ጋሼ ይርጉ ለጉዳይ ገደብ ሄደ። እሱ የተሳፈረበት አውቶቡስ አቧራ ሳይበርድ እማዬ ጋቢውን ወረወረችው። የአባቴን የሥራ ቱታ ለብሳ፣ ወገቧን በጨርቅ ጥፍር አድርጋ ወጣች። ቀጭን ነበረች። ወባው ለቀቃት ብዬ ጨፈርኩ።

ኢልሃም ገመድ ተሸክማ መጣች። ኢልሃም ገበያ በርበሬና ጨው የምትሸጥ፣ ድምጿ ከዚያ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት።

"ሥርጉት፣ ይኼ ነገር ወድቆ እግሬን ቢቆርጠው ማን ያገባኛል?"

"ይርጉ አለልሽ።"

"ወላሂ እግሬ ይቆረጥ!"

እማዬ መጀመሪያ ከሥር ገባችና አንድ ብሎን ፈታች። ጥቁር ዘይት ከሥር ወዳስቀመጠችው ገንዳ ወረደ። ላማችን ስትወልድ አይቼ ስለነበር ምን እንደሆነ ገባኝ።

"እማዬ! እንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ!"

ከሥር ድምጿ መጣ። "አዎ። ምጥ ላይ ናት። አትጩሂባት።"

ወንበሮቿን አወጡ። የወለሏን ላሜራ አንድ በአንድ አነሱ። የማርሹን ዘንግ ነቀሉ። ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን ረጃጅም ብረቶች ፈትተው ሣሩ ላይ አስተኙ። እማዬ ከየቦታው የምትፈታውን ብሎን ለየብቻ በየሲኒው ታስቀምጣለች። "እነዚህን የነካ እጁን እቆርጣለሁ" አለችኝ። ሞተሩ እንዳይወድቅ ክሪክ ደገፈችለት። አንዳንዱ ብሎን ዝጎ እምቢ ሲል በሁለት እግሯ ተደግፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ትስባለች። "ና! ና ውጣ አንተ የማትረባ!" ትለዋለች። ከብሎን ጋር የምታወራ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ገመዱን በዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ አሳልፈው ከብረቱ ጋር አሰሩት። ኢልሃምና ሌሎች ሁለት የሠፈር ሴቶች ጫፉን ያዙ። እማዬ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ብረቱን ታወዛውዛለች።

"ሳቡ! ቀስ! ወደ እኔ! አሁን ሳቡ!"

ዋንዛው ተንቋቋ። ብረቱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ያዘ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድንገት ጥርቅ አለና ወጣ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዘይት የሚንጠባጠብ። ሴቶቹ እልል አሉ። ኢልሃም "ማርያም ማርያም በሉላት እንጂ! እኔ እስላም ነኝ፣ እናንተ በሉላት!" እያለች ትጮኻለች። እኔ ቤት ገብቼ ቅቤ አመጣሁና ላንድሮቨሯን ኮፈኗ ላይ ቀባኋት። ለወለደች እንደዚያ ይደረጋል።

ልጁን በከብት ቁርበት ላይ አስተኝተው እየጎተቱ ጓዳ አስገቡት። እማዬ ፍራሽ ላይ አደረገችውና በአባቴ ጋቢ ጠቀለለችው።

"አባቱ ማን ነው?" አልኳት።

ኢልሃም እየሳቀች መሬት ተቀመጠች።

እማዬ አልሳቀችም። "አባቱ አይታወቅም" አለች። "ስሚኝ ሩሃማ። ለማንም እንዳትናገሪ። በተለይ ለጋሼ ይርጉ።"

"ለምን?"

"ይወስደዋላ።"

እናቴ አፌን ታውቀዋለች። ሠፈር ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የማን ዶሮ የማን ድስት ውስጥ እንደገባ የሚወራው ከእኔ ነበር። ያን ምስጢር የሰጠችኝ እንድይዝላት አልነበረም። ይህን ለመረዳት ራሴ እናት እስክሆን ፈጅቶብኛል።

ጋሼ ይርጉ ከገደብ እንደተመለሰ ነገሩን ሊጨርስ መጣ። የገበያ ቀን ነበር። አዲስ ኮት ለብሷል። ጋሽ ሲሞንና አቶ ተክለማርያም ኋላ ኋላው ናቸው። በሩን ከፍቼላቸው ሽማግሌዎቹ አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ፣ እሱ ሸንኮራ እየላጠልኝ ጎንበስ አለ።

"ሥርጉት ዛሬም ታመመ?"

"ጋሼ፣ ምስጢር ልንገርህ?"

"ንገረኝ፣ የኔ ልጅ።"

"ወልዳለች።"

"ማን?"

"እሷ ናታ! አንተ ትወልዳለች ብለህ የለ?"

ቢላዋው ሸንኮራው ውስጥ ቀረ። "መቼ?"

"አንተ ገደብ የሄድክ ቀን። እነ ኢልሃም ናቸው በገመድ ያወጡት።"

"ልጁስ?"

"ጓዳ ተኝቷል። በአባዬ ጋቢ ተጠቅልሎ። ጥቁር ነው። አያለቅስም።"

"አባቱ… አባቱ ማን ነው?"

"አይታወቅም። እማዬ ናት ያለችኝ።"

ሸንኮራውን መሬት ጣለው። እኔ የተናደደው ልጁን ስለደበቅንበት መሰለኝ፤ ፈራሁ።

"ሥርጉት ወለደ!" ብሎ ጮኸ። "ወንድሜ ከሞተ ዓመት አልፏል! ዲቃላ ወለደ! ጓዳ ደብቋል!"

በሩ ክፍት ነበር። የገበያ መንገደኛ ቆመ። ኢልሃም ከአጥሯ በላይ ብቅ አለች፤ እንደሚመስለኝ ከጧት ጀምሮ እዚያ ነበረች።

"ይርጉ፣ ቀስ በል" አሉ ጋሽ ሲሞን። "በዓይንህ አይተሃል? መጀመሪያ ገብተን እንይ።"

"እዚያ ቤት እግሬን አላስገባም! ጋቢውን ለብሶ ሲከርም ሆዱን እየደበቀ ነው! እኔ ሞኝ ነበርኩ! የሌላ ሰው ዲቃላ ላሳድግ ነው? አልፈልግም! እሱንም ቤቱንም አልፈልግም!"

ጋሽ ሲሞን ተነሱ። "ሥርጉትን ትተሃል?"

"ትቻለሁ!"

"ቤቱንስ?"

"ይቃጠል!"

በዚህን ጊዜ ከጓዳው መስኮት የእማዬ ድምፅ መጣ። ለስላሳ ድምፅ ነበር። "መኪናዋንስ፣ ጋሽ ይርጉ?"

"ዲቃላህን ጫንባት!" አለ ወደ መስኮቱ እየጠቆመ። "ከዚህ ግቢ አንድ ብሎን አልወስድም! እግዚአብሔር ይፍረድብኝ፣ አንድ ብሎን!"

ጋሽ ሲሞን ወደተሰበሰበው ሰው ዞሩ። "ሰምታችኋል?"

"ሰምተናል!" አለ ሰው። ከሁሉ የኢልሃም በለጠ።

በሩ ተከፈተና እማዬ ወጣች። ጋቢ የለ፣ ነጠላ የለ። ቱታዋን እንደለበሰች፣ ወገቧ በጨርቅ ታስሮ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ በዘይት ጠቁሮ። ሰው ሁሉ ሆዷን አየ። ጀርባዋን ከሆዷ የሚለይ ነገር አልነበረም።

"ግቡ፣ ልጁን እዩት" አለች።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔም ተከተልኩ፤ ኩራት ኩራት ብሎኛል። ጋሽ ሲሞን በከዘራቸው የጋቢውን ጫፍ ገለጡ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ከሳል ጋር ተቀላቅሎባቸው ግድግዳ ያዙ።

"ኧረ ይኼ ካምቢዮ ነው!"

ስሙን ያወቅኩት ያኔ ነው። ጥሩ ስም መሰለኝ።

ጋሼ ይርጉ እግሬን አላስገባም ያለውን ረስቶ ገባ። አየው። "እኔ… ይኼ ልጅ… እኔ መስሎኝ ነው እንጂ… መኪናዋንማ አልተውኩም፣ እሷ የወንድሜ…"

"የኋላ ማርሽ አታስገባ ጋሽ ይርጉ!" አለች ኢልሃም ከበሩ። "ካምቢዮው እዚህ ነው ያለው!"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እማዬ ብቻ አልሳቀችም። እስከዚያ ቀን ድረስ "እርስዎ" ስትለው ነው የማውቃት። ያን ቀን ፊቱ ቆማ ሌላ ቋንቋ አወራችው።

"አንተ" አለችው። "የባሌ አፈር ሳይደርቅ ቡናውን ለቀምክ፤ ዝም አልኩ። መኪናዬን አስቆምክ፤ ዝም አልኩ። እኔን እንደ ጊደር ጉልበት አላት፣ ትወልዳለች እያልክ ስትለካኝ ልጄ ሰማች። ያንተኑ ቃል ነው የመለስኩልህ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።"

ከዚያ ወደ አጎቷ ዞረች። "እርስዎም ሰምተዋል፣ ጋሼ ተክለማርያም።" አቶ ተክለማርያም ካምቢዮውን ማየት ቀጠሉ።

ጋሽ ሲሞን ዓይናቸውን ጠርገው ተቀመጡ። አሁን አይስቁም። "የትቻለሁ ቃል ከአፍህ ወጥቷል፤ ሁላችን ሰምተናል፤ አልቋል። ሌላው ደግሞ አለ። የሴት ስም በአደባባይ አጉድፈሃል። ካሣ አለብህ። ሥርጉት፣ ምን ይካስሽ? ከብት?"

"ከብቱን አልፈልግም" አለች እማዬ። "ያስወረደኝን ይመልስልኝ።"

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ ሁሉም ወደ ላንድሮቨሯ ዞረ።

"አሁን?" አለ ጋሼ ይርጉ።

"አሁን።"

ኮቱን ሊያወልቅ ሲል እማዬ ከለከለችው። "አታውልቅ፤ መሬቱ ይበርድሃል።" በጀርባው ተኝቶ ከላንድሮቨሯ ሥር ገባ። እግሮቹ ብቻ ወደ መንገዱ ወጥተው ይታያሉ። ሴቶቹ ካምቢዮውን ጎትተው አመጡ፤ ገመዱን በዋንዛው ላይ አሳልፈው ሰቀሉት፤ ቀስ እያሉ በመኪናዋ ወለል ክፍት በኩል አወረዱት። እማዬ ከላይ ሆና ታስተካክላለች። እሱ ከሥር በእጁና በደረቱ ይደግፋል።

ልጁን መልሰው ሆዷ ውስጥ ሲከቱት አለቀስኩ። ተወልዶ የተመለሰ አላየሁም። ግን ደግሞ ልጁ ራሱ አልገባም ብሎ እየታገለ መሰለኝ፤ ምክንያቱም ሥራው አልጨረስ አለ።

"ግፋ!" ትላለች እማዬ።

"ገባ?" ይላል ከሥር።

"አልገባም! ያዝ! ወደ ቀኝ!"

"ገባ?"

"ገና ነው! እንዳትለቀው፣ ይወድቅብሃል!"

ዘይት ኮቱ ላይ፣ አንገቱ ላይ ይንጠባጠባል። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቆጮ እንደተሸከሙ አጥሩ ጋ ይቆማሉ። "ማን ነው እሱ?" ይላሉ እግሮቹን እያዩ። ኢልሃም ለእያንዳንዱ መንገደኛ እንደ አዲስ ታስረዳለች። "የሥርጉት ዋርሳ ነው። ሊወርስ መጥቶ ነው!" ልጆች እግሩ ሥር ተደርድረው ስንቴ "ገባ?" እንዳለ ይቆጥሩለታል። የኢዲዶ ሰው አለፈ፤ የአባቴ ቡና ሲለቀም ያየ ሰው። እሱም ቆሞ አየ። ጋሼ ይርጉ ከሥር ሆኖ ድምፆቹን ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ማን እንዳለፈ፣ ማን እንደሳቀ።

"ሥርጉት፣ በእግዚአብሔር፣ እጄ ዛለ። አልገባም?"

"አልገባም።"

ከዚያ በኋላ እማዬ ሹፌር ቀጥራ መኪናዋን ገደብ አመላለሰቻት፤ ያደግኩት በእሷ ነው። ጋሼ ይርጉ በእኛ በር ዳግመኛ አላለፈም። ሲሞት ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እንባ ግን አልሰጠሁትም።

አሁን እናቴ አርጅታለች። በቀደም ፀሐይ ልትሞቅ ደጅ ተቀምጣ ሳለ ነገሩን አነሳሁባት።

"እማዬ፣ ያ ካምቢዮ ግን ያን ያህል እምቢ ያለው ምን ሆኖ ነው?"

"የቱ?"

"ጋሼ ይርጉ ከሥር የነበረ ጊዜ።"

ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ለፀሐይ ሰጠች።

"እሱማ ገና የመጀመሪያውን ግፋ ስለው ነው የገባው" አለች። "ገበያው አልተበተነም ነበራ።"